ሽንት ስንጠብቅ

በዕድሜዬ ብዙ ነገር ጠብቄአለሁ። ደመወዝ ጠብቄአለሁ። ከገደብ ከተማ የሚመጣ አውቶቡስ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀኑን ሙሉ ጠብቄአለሁ። «ላስብበት» ያለችኝን ልጅ ጠብቄ ጠብቄ፣ ሌላ ሰው ስታገባ ሠርጓ ላይ ተጠርቼ በደንብ በልቻለሁ። እንደዚያች የሰባት ዓመት ልጅ ሽንት አድርጌ የጠበቅኩት ነገር ግን የለም። ይህን ሳወራ የልጅ ልጆቼ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ይያዙ! እነሱ የሚጸየፉትን ነገር እኔ በጠርሙስ ተቀብዬ፣ መስኮት ላይ አንስቼ፣ እንደ ጠጅ ቀለሙን እያየሁ ነው እንጀራ የበላሁት፤ እናታቸውንም ያሳደግኩት።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ወደ ማምሻው ሲሆን፣ ቦታው ዲላ ነው። እኔ በአንድ ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚቀቅል፣ የሚወጋ፣ ሲስተር ስትቆጣ ደግሞ ጥፋቱ የማንም ቢሆን አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው። የገጠሩ ሰው ግን «ዶክተር» ይለኛል። አላረምኩትም። ነጭ ጋወን ለብሼ ሳልፍ ሰው ከመቀመጫው ሲነሳልኝ፣ ከሸዋ ድረስ የመጣሁት ለዚህ ነው እያልኩ ደረቴን እነፋ ነበር። ደረት ስላችሁ፣ የሚነፋው ጋወኑ ነው፤ እኔማ ሸንበቆ ነበርኩ።

በልጆቹ ክፍል በመስኮቱ በኩል የተደረደሩት አልጋዎች ያበጡት ልጆች የሚተኙባቸው ነበሩ። ግማሾቹ የልብ ናቸው፤ ጉሮሯቸውን ታመው፣ ሕመሙ ከጉሮሮ ወደ መገጣጠሚያ፣ ከመገጣጠሚያ ወደ ልብ የወረደባቸው። ግማሾቹ የኩላሊት ናቸው። ሁለቱ በሽታዎች ሲጠኑ ግን መልካቸው ይመሳሰላል፤ ውሃ መውጫ ያጣና ሰውነት ውስጥ ይተኛል። ልጁ ጋደም ካለ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ የቡና ጆንያ ውስጥ ጭድ ጠቅጥቀን ከጀርባቸው እንከምራለን፤ እነሱም ጆንያቸውን ተደግፈው፣ ገዢ እንደጠፋባቸው ትናንሽ ነጋዴዎች ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይውላሉ።

የእነዚህ ልጆች አስታማሚነት የስስታም ሥራ ነው። መመዘን፣ መለካት፣ መከልከል። ቁስል ብታክም ቁስሉ ሲደርቅ ታያለህ፤ ስብራት ብታስር አጥንቱ ሲገጥም ታያለህ። እዚህ ግን የተጠማ ልጅ ውሃ ከለከልክ፣ የራበው ልጅ ጨው የሌለው ጎመን አጎረስክ፣ ያበጠ ቆዳው እንዳይላጥ ጎኑን አገላበጥክ፤ በቃ። ልጁም ይጠላሃል። ልክ ነው፤ እኔም ራሴን እጠላው ነበር።

ልጅቷ ከዱመርሶ በኩል መጣች፤ በቃሬዛ፣ በአባቷና በአጎቶቿ ትከሻ። ነገሩን የነገረን አባቷ ነው፤ ቡና ይዞ ከተማ ስለሚመላለስ አማርኛው ደህና ነበር። መጀመሪያ እከክ ወጣባት፤ እከክ የማይወጣበት ልጅ የለምና ልብ ያለው የለም። ከዚያ አንድ ጠዋት ፊቷ ሞልቶ ተነሳች። ቀጫጫ ነበረችና ጎረቤት ሁሉ «ወፈረች፤ አማረባት» አለ። እናቷም ደስ አላት። ያ ውፍረት ከፊት ወደ እግር ወርዶ፣ ከእግር ወደ ሆድ ወጥቶ፣ ዓይኗን ሲደፍነው ነው የደነገጡት። ሽንቷ መጀመሪያ የሥጋ እጣቢ መሰለ፤ ቀጥሎ ጠብታ ሆነ፤ ቀጥሎ ጠፋ።

ዶክተሩ፣ እውነተኛውን ማለቴ ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን ከይርጋለም ይመጣል። ቅልጥሟን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ጣቱን ሲያነሳ ጉድጓዱ እንደ ሊጥ እዚያው ቀረ። ደረቷን አዳመጠ፤ ደረቷ ሥር ውሃ ያንቦጫርቅ ነበር።

«ኩላሊቷ በሩን ዘግቷል» አላት ለሲስተር። «ውሃው ልቧን እያሰመጠው ነው። ጨው በፍጹም፤ ጨው ውሃን ይይዛል። የምትጠጣውን በሲኒ ለክታችሁ። ሽንት የሚያወጣውን መርፌ ቀጥሉ። ሽንቷ ከመጣ ትድናለች።»

«ካልመጣስ?» ያልኩት እኔ ነኝ፤ አፌ መቼ ይታሰራል።

ቦርሳውን ዘጋ። መኪናው ውስጥ ገባ። እኛም ነገሩ ገባን።

ሲስተር የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ቁመቷ ረጅም፣ ንግግሯ አጭር። ጫማዋ የጎማ ሶል ስለሆነ ከኋላዬ መድረሷን የማውቀው ስትናገር ነው። እናትየውን አስቀምጣ ነገረቻት። «ስሚኝ እናት። የልጅሽ ምግብ ውስጥ ጨው እንዳይገባ። አንዲት ፍንጣሪ! ጨው ከበላች ትሞትብሻለች። ገባሽ?»

እኔ ደግሞ በማላውቀው የጌዴኦ ቋንቋ ልተረጉም ተነሳሁ። በጣቴ ጨው በተንኩ፤ አንገቴን ቆረጥኩ፤ ምላሴን አውጥቼ ሞትኩ። የልብ ልጆቹ ጆንያቸው ላይ በሳቅ ተንፈራፈሩ፤ ምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

እናትየው አልሳቀችም። አማርኛዋ እኔን አንዳንዴ «አንቺ» ልጇን ደግሞ «እሱ» ይል ነበር፤ ፆታችንን ብታቀያይርም ቃሏ ግን ቀጥ ያለ ነው። «ገባኝ» አለች። «ምግብ ጨው የለም። እሱ እንዲድን ነው። ጌታ ያውቃል፤ አንድ ጨው የለም።»

ያን ጊዜ ክሊኒኩ የሚያበላው ምግብ ምግብ አይባልምና አስታማሚ ሁሉ ከውጭ ያመጣል። እናትየው ከክሊኒኩ ጀርባ ዘመድ ቤት አርፋ እዚያው ታበስላለች። ቆጮ ያለ ጨው፣ ጎመን ያለ ጨው፣ ድንች ያለ ጨው። ሲስተር በር ላይ ቆማ እያንዳንዱን በራሷ ጣት ትቀምሳለች። ልጅቷ ጎመኑን እንደ ጭቃ አፏ ውስጥ ይዛ እንባዋ በአበጠ ጉንጯ ላይ ይወርዳል። የምትጠጣው ደግሞ ሲስተር የመረጠቻት ትንሽ ሲኒ ናት፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ። «ውሃም ይሁን ሻይም ይሁን ቡናም ይሁን፣ የፈለገችውን» ብላለች ሲስተር፤ «ከዚህች ሲኒ እንዳያልፍ ብቻ።» ልጅቷ ቡና አለች። እዚያ አገር ልጅ ጡት ሲጥል ቡና ያነሳል፤ ማንም አልገረመውም። እናትየው በትንሽ ጀበና ታመጣለች፤ እኔ እለካለሁ፤ አንዲት ጠብታ ሳላፈስ አጠጣለሁ። ባለሙያ!

ጥማቱ ነበር የከፋው። ዲላ ላይ ዝናብ ሲጥል ሰማይ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚደፋ ይመስላል፤ ሰው ካልጮኸ አይደማመጥም። ከዝናቡ አጠገብ፣ ከመስታወት ወዲህ፣ ከንፈሯ የተሰነጠቀ ልጅ ተቀምጣለች። እርጥብ ፋሻ ከንፈሯ ላይ አደርግላታለሁ፤ ፋሻውን ለመዋጥ ትታገለኛለች።

«አንተ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ከአባቷ በቀሰመችው አማርኛ። «ይሄ ሁሉ ዝናብ ለማን ነው?»

«ለቡናው ነው፣ እሜቴ።»

«ቡናው ኩላሊት አለው?»

ፋሻውን እንደገና አርጥቤ አመጣሁላት። 

ሌላ ቀን ዞር ብዬ ስመለስ መስኮቱን በትንሹ ከፍታ፣ እጇን ወደ ዝናቡ ዘርግታ አገኘኋት። መዳፏ ውስጥ ኩሬ ይዛለች። ይዤ ላደርቀው ስል በጥርሷ ያዘችኝ። ንክሻዋ ብርቱ ነበር፤ እኔም እየጮህኩ በውስጤ ደስ አለኝ፤ የምትሞት ልጅ እንዲህ አትነክስም አልኩ። እንዲህ ነበር ተስፋ የምለቅመው።

የክሊኒኩ ሚዛን የተበላሸ ስለነበር በየጠዋቱ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቡና መጋዘን ተሸክሜ እወስዳታለሁ። በጋቢ ጠቅልለን ጆንያ የሚሰቀልበት ማንጠልጠያ ላይ እንሰቅላታለን። ያበጠ ልጅ ሕመሙን በዓይን አትለካውም፤ ኪሎው ነው የሚናገረው። ከጨመረ ውሃው ጨመረ ማለት ነው፤ ከቀነሰ እየወጣ ነው።

ጨመረች።

«ዶክተር፣ እርጥብ አመጣህብኝ!» ይለኛል መዛኙ፤ ያልደረቀ ቡና አምጥተው ኪሎ የሚያጭበረብሩት ብዙ ነበሩና። «አድርቀህ አምጣ!» የመጀመሪያዎቹን ቀናት አብረን ሳቅን። በማግሥቱም ጨመረች። በማግሥቱም። አንድ ጠዋት መዛኙ ምልክቱን አየ፤ እኔን አየ፤ ምንም አላለም። ኮፍያውን አውልቆ ልጅቷን ከማንጠልጠያው በሁለት እጁ አወረደልኝ። የዚያን ቀን መንገዱን ስሻገር ጋቢውን ደጋግሜ አጠበቅኩላት። ከእሷ በፊት እዚያ አልጋ ላይ የነበረውን ልጅም እንዲሁ ስመዝነው ነበር፤ ስለሱ በክፍሉ ውስጥ የሚያነሳ ሰው አልነበረም።

መርፌው ይሰጣል። ጨው የለም። ውሃው በሲኒ ነው። ኪሎው ለምን ይጨምራል? ሲስተር ቅንድቧ ተገጣጠመ። «ከውጭ ጨው እየገባ ነው» አለች። ትራሱ ሥር ፈለገች፤ ፍራሹን ገለበጠች፤ የእናትየውን ቋጠሮ ፈታች። ደረቅ ቆጮና አንድ የልጅ ቀሚስ ወጣ። ቀሚሱ የዳነች ቀን ልትለብሰው የመጣ ነው።

«እናት፣ እውነቱን ንገሪኝ። ምንድን ነው የምትሰጫት?»

«ምንም።»

«ስታለቅስ አዝነሽ በጣትሽ አላስላስሻትም?»

«ምግብ ጨው የለም አልኩ እኮ። አንቺ ራስሽ ቀመስሽ።»

«ታዲያ ጨው ከሰማይ ወረደ?»

«እኔ ልጄን የምገድል ነኝ?» አለች እናትየው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። የልብ ልጆቹ እናቶች አንዱ ወገን ለሲስተር፣ ሌላው ወገን ለእሷ ማጉረምረም ጀመረ። አንዲቱ «ልጅ ሲለምንሽ ልብ ይከዳል፤ ብታደርግስ» አለች፤ ሌላዋ «ዝም በይ፣ አንቺ ነሽ የምታደርጊው!» አለቻት። ሲስተር እጇን አነሳች። «ከአሁን ጀምሮ እናትየው በር ላይ ምግቡን ታቀብላለች፤ ወደ ውስጥ አትገባም።»

ልጅቷ ዓይኗ እንደተደፈነ ይህን ሁሉ ትሰማ ነበር።

የዚያን ዕለት ትንፋሿ ተቀየረ። ጆንያው መደገፍ አልበቃትም፤ ወደ ፊት ተደፍታ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ከንፈሯ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ሄደ። ትንፋሿን በሰዓቴ እየቆጠርኩ፣ ቁጥሩን ስጠላው ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ ቁጥር በመድገም የሚቀንስ ይመስል። ዶክተሩ የሚመለስበት ቀን ገና ነው።

የዚያኑ ዕለት ወደ ቀትር ግድም አባትየው ገባ። የገበያ ቀን ነው፤ አጎቶቿ ቃሬዛውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ሚስቱን ውጭ አጥሩ ሥር ተቀምጣ አግኝቷታል።

«ልጄን ስጡኝ» አለ።

«ከወሰዷት መንገድ ላይ ትሞታለች» አለች ሲስተር።

«እዚህስ?»

ሲስተር የልጅቷን የእጅ ትርታ ያዘች።

«ጨው ከለከላችሁ፤ እሺ አልን። ውሃ ከለከላችሁ፤ እሺ አልን። አሁን እናቷን ከለከላችሁ። እያበጠች ነው የምትሄደው። ሞት ከሆነ ቤቷ፣ ዘመዶቿ እየዘመሩላት ትሙት።» እጁን ወደ ልጅቷ ዘረጋ። «አንተ ዶክተር፣ አንሳልኝ።»

እኔ ግንባሯ ትከሻዬ ላይ ነው። ሲስተርን አየሁ፤ አባቷን አየሁ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ በመሃል ያለው የኔ ትከሻ ነው።

በዚህ መሃል እናትየው በበሩ እጇን ብቻ አስገባች። የቀትሩ ጀበና ነው፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሞቃል። «አንተ አጠጣው» አለችኝ። «እኔ አልገባም። ተከልክሏል።»

ሲኒዋን ሞልቼ ወደ ልጅቷ አፍ አስጠጋሁ። ልጅቷ አፏን ገጠመች።

«ጠጪ እንጂ እሜቴ፤ ጠምቶሽ የለ?»

«እናቴ ካልገባች አልጠጣም።»

ለመንኳት። አባበልኳት። ፊቷን አዞረች። ሲኒው እጄ ላይ ቀረ። እንግዲህ የዚያን ዘመን ሰዎች ስለኔ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ እኔ የተረፈ ነገር ማለፍ አልችልም። ድግስ ላይ ትሪ ስጠርግ፣ ክፍል ውስጥ ሕመምተኛ የተወውን ስጨርስ ስንቴ ተይዣለሁ። የሰው ልጅ እየሞተ፣ አባት ቃሬዛ ይዞ እየጠበቀ፣ ሲስተር እያየችኝ፣ ሆዳሙ እጄ ቡናው እንዳይቀዘቅዝ አዘነና ወደ አፌ ወሰደው።

ፉት አልኩ።

ጨው ነው። ጥርት ያለ፣ ደህና አድርጎ የጣፈጠ ጨው።

አትሳቁብኝ፤ ወይም ሳቁ። ያን ቡና ስንት ጊዜ ጠጥቼዋለሁ! ከተማ ውስጥ እኔ የምከራይበት ቤት ቡና በስኳር ነው፤ ወደ ገጠሩ ወጥቼ ለክትባት የሄድኩበት ቤት ሁሉ ግን ቡና በጨው ነው፤ ቅቤም ሲኖር ቅቤ። ደስ ብሎኝ ነው የምጠጣው፤ ሁለተኛም እጠይቃለሁ። ዲላ ያለ ሕፃን የሚያውቀውን እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ጋወኑን ስለብስ የማውቀውን ሁሉ ከኮቴ ጋር ሚስማር ላይ እሰቅለው ነበር መሰለኝ።

«ጨው!» ብዬ ጮህኩ። ልጅቷ ደነገጠች።

«ምን ሆንክ?» አለች ሲስተር።

«ቡናው! ቡናው ጨው አለው!»

እናትየው ጭንቅላቷን በበሩ አስገባች። «አዎ፣ አለ» አለች በእርጋታ።

«አንድ ጨው የለም አላልሽም?»

«ምግብ የለም። ይሄ ቡና ነው።» ሁላችንንም በየተራ አየችን። «ቡና ምግብ ነው?»

ሲስተር ሲኒዋን ከእጄ ወስዳ በጣቷ ቀመሰች።

«ቡና ውስጥ... ጨው?» አለች ሲስተር። ከስኳር ሌላ ቡና ውስጥ የሚገባ ነገር መኖሩን በዚያች ሰዓት ነው የሰማችው።

«ያለ ጨው ቡና ማን ይጠጣል?» አለ አባትየው። «የእናንተ ስኳር ነው፤ የኛ ጨው ነው።»

«ስንት ታደርጊያለሽ?» አልኳት እናትየውን።

ያን ጊዜ ነው አንገቷን የደፋችው። «መጀመሪያ እንደ ሁልጊዜው ነው። ከዚያ... ጎመኑ ጨው የለም፤ ቆጮው ጨው የለም፤ እሱ ያለቅሳል። አዘንኩ። ቡናው ላይ ጨመር አደረኩ። ሲስተር ቡና የፈለገችውን አለች።»

አዎ ብላለች። እኔም በዚያ በጥንቃቄ እጄ፣ አንዲት ጠብታ ሳላፈስ፣ ጠዋትም ቀትርም ማታም ጨው ስግታት ነበር።

ሲስተር ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። የምትስቅ ይሁን የምታለቅስ አልለየሁም። ብቻ ወዲያው ተነስታ ወደ በሩ ሄደችና እናትየውን በክንዷ ይዛ አስገባቻት። «ግቢ» አለቻት። «አጠገቧ ተቀመጪ። ከዚህ ወዲያ ማንም አያስወጣሽም።» ይቅርታ የሚለውን ቃል አልሰማሁም፤ የእናትየውን ነጠላ ግን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ስትደርብላት አይቻለሁ።

ቀጥላ ወደ አባትየው ዞረች። «አባት፣ መርፌ እየሰጠን ውሃውን ልናወጣ ስንታገል፣ ቡናው እየመለሰው ነበር። አሁን አገኘነው። እስከ ነገ ይስጡኝ።»

«ነገስ ካልሆነ?»

«ነገ ካልሆነ ራሴ ቃሬዛውን ይዤ አብሬ እሄዳለሁ።»

አባትየው ወደ በሩ ዞረ። ከዚያ ለወንድሞቹ በቋንቋቸው ሁለት ሦስት ቃል ተናገረ፤ እነሱም ቃሬዛውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ መዝሙር ጀመሩ፤ በቀስታ፣ አፍንጫ ውስጥ እንደሚቀር ነገር። ሲስተር ሌላ ጊዜ ቢሆን «ጸጥታ!» ትል ነበር። አላለችም።

መርፌውን ወጋሁ። ማታ እናትየው ያለ ጨው ያፈላችውን ቡና አመጣች፤ ልጅቷ ቀመሰችና «ይሄ ቡና አይደለም፤ የእግር እጣቢ ነው» አለች። ጠጣችው ግን፤ እናቷ ገብታለችና። የሽንቱን ጠርሙስ አጠገቧ አስቀመጥን። እኩለ ሌሊት ላይ ባዶ ነበር። ሲነጋም ባዶ ነበር።

ጠዋት እንደ ልማዴ በጋቢ ጠቅልዬ አቀፍኳት። በር ላይ አባትየው ተነስቶ ፊቴን አነበበ፤ የሚነበብ ነገር አልሰጠሁትም። አጎቶቿም ተነሱ። አንደኛው ቃሬዛውን ከአጥሩ ላይ አነሳ። ያን እያየሁ ወደ መንገዱ ወጣሁ።

መሃል መንገድ ላይ ስደርስ ሆዴ ላይ ሙቀት ተሰማኝ።

መጀመሪያ የፀሐይ መሰለኝ፤ ፀሐይ ግን ወደ ታች አትወርድም። ጋቢው፣ ጋወኑ፣ ሸሚዙ፤ ከዚያ በሱሪዬ ውስጥ አድርጎ ወደ ጫማዬ። ቆምኩ። ከተንቀሳቀስኩ የሚቋረጥ መሰለኝ። ከወደ ይርጋጨፌ ቡና የጫነ መኪና መጥቶ ጥሩምባውን ነፋብኝ፤ አልተነቃነቅኩም። ሹፌሩ ራሱን አውጥቶ «አንተ ዕብድ! ልትሞት ነው?» አለኝ።

«ቁም! እየሸናች ነው!» አልኩት።

«ማን?»

«ዝም በል! እንዳታስደነግጣት!»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። እስከ ዛሬ ያ ሰውዬ ለምን እንዳጠፋ አላውቅም። አባትየው እየሮጠ መጣ፤ የኔን ጫማ አየ፤ እጁን ጫማዬ ሥር ባለው እርጥብ አፈር ላይ አደረገ። እናትየው በሩ ላይ ሆና እልልታዋን ስትለቀው የመጋዘኑ ሰዎች የማን ሙሽራ መጣ ብለው ወጡ። ልጅቷ አንገቴ ሥር ፊቷን ደብቃ «አትይ፣ አትይ» ትለኛለች፤ ለካ አፍራለች። በኀፍረቷ የእናቷን አማርኛ ወረሰች፤ እኔም ለአፍታ «አንቺ» ሆንኩ።

ሲስተር ግን ሲስተር ናት። ጠርሙሱን ይዛ ወጥታ «ለምን አልተቀበልክም? ስንት ነው አሁን?» አለችኝ።

«ሲስተር፣ ጋወኔን ይጭመቁትና ይለኩት» አልኳት።

የዚያን ቀን ጠርሙሱ ሁለት ጊዜ ሞላ፤ ቀለሙ ገና የሥጋ እጣቢ ነበር፤ እኛ ግን ለቀለም ደንታ አልነበረንም። በቀጣዮቹ ቀናት ጠራ። ዓይኗ ተከፈተ፤ ስንት ቀን በድምፄ ብቻ የምታውቀኝ ልጅ አየችኝና «አንተ ነህ? ቀጭን ነህ እኮ» አለች። ዶክተሩ ሲመለስ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፤ ስለ ቡናው፣ ስለ ምላሴ ጀግንነት። አዳመጠኝና ይህ በሽታ አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ጨው ነው፣ መርፌው ነው፣ ጊዜው ነው፣ አንድ ሰው አስረግጦ ሊናገር አይችልም አለኝ። አባትየው የወንድሞቹ መዝሙር ነው ይላል። እኔ ከሁሉም ጋር ተስማማሁ፤ ቢሆንም ለሚጠይቀኝ ሁሉ ምላሴን አሳየው ነበር።

ስትወጣ ያንን የተቋጠረ ቀሚስ ለብሳ ነው፤ ሰፍቷት ነበር። ሲስተር እናትየውን አስቀምጣ እንደገና ነገረቻት። «ለጊዜው ጨው የለም። ምግብ ውስጥ የለም፤ ቡና ውስጥ የለም፤ ሻይ ውስጥ የለም፤ በአፍ የሚገባ ነገር ውስጥ ሁሉ የለም።»

«ገባኝ» አለች እናትየው።

ይህችን ቃል እኔ አውቃታለሁ። «ምኑ ነው የገባሽ? እስቲ ንገሪኝ» አልኳት። በጣቷ አፏን አሳየችኝ፤ ከዚያ እኔ የመጀመሪያው ቀን እንዳደረግኩት አንገቷን ቆረጠች፤ ምላሷን አውጥታ ሞተች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አባትየውን ገበያ ውስጥ አገኘሁት። ከሩቅ «ዶክተር!» እያለ ሕዝቡን እየገፋ መጣ።

«ልጅቷስ?» አልኩት።

«ደህና ናት። ፍየል ታባርራለች፤ ትሳደባለች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይመስገን።» ወዲያና ወዲህ አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ግን እናቷ፣ ልጄ ለብቻዋ አልባሌ ቡና አትጠጣም ብላ የቤቱን ቡና ሁሉ ያለ ጨው አደረገችው። የእኔን፣ የወንድሞቼን፣ የእንግዳውን። ሰው ቤቴ መምጣት ተወ። እሺ፣ ለልጅቷ ይቆይ፤ አይቸኩል። ለኔ ግን መቼ ነው የሚፈቀድልኝ?»

ዓይኑን አየሁት፤ ቀልዱን አይደለም።

«እሱን ሲስተርን ይጠይቁ» ብዬ ጆንያ ተሸክመው በሚያልፉት ሰዎች መሃል ሾለክሁ።